ከቀለሟ በፊት አበራረሯን

ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ መስኩ ላይ ውሃ ባቆረባቸው ሳምንታት፣ ከሰው ራስ ትንሽ ከፍ ብለው ወዲያና ወዲህ የሚመላለሱ ቢጫማ ነፍሳትን ያላየ ሰው ጥቂት ነው። አራት ብርሃን የሚያሳልፉ ክንፎች፣ ጭንቅላታቸውን ከሞላ ጎደል የሸፈኑ ትልልቅ ዓይኖችና ቀጥ ያለ ረጅም ጭራ አላቸው። የውሃ ተርብ ይባላሉ፤ ከተርብ ጋር ግን የሥጋ ዝምድና የላቸውም፤ መናደፊያም መርዝም የላቸውም። ይህ ስም የአንድ ፍጡር ሳይሆን የአንድ ትልቅ ነገድ ስም ነው። ቀጫጭን ዘመዶቻቸው ተጨምረው በዓለም ላይ ከ6,000 በላይ ዝርያዎች ተመዝግበዋል፤ በኢትዮጵያም ወደ 100 የሚጠጉ ዝርያዎች እንዳሉ ይታወቃል። ከእነዚህ ሁሉ በምድር ላይ በስፋት የተሠራጨችውና ብዙ ሰው ሳያውቃት የሚያያት አንዲት ዝርያ አለች፤ በሳይንሳዊ ስሟ ፓንታላ ፍላቬሰንስ ትባላለች። በአፍሪካ፣ በእስያ፣ በአውስትራሊያ፣ በሰሜንና በደቡብ አሜሪካ ትገኛለች። ከቺሊ ጠረፍ 3,500 ኪሎ ሜትር ርቃ ውቅያኖስ መሐል በምትገኘው የፋሲካ ደሴት ላይ የሚኖር ብቸኛው የውሃ ተርብ እሷ ናት። በሂማላያ ተራሮች ደግሞ በ6,200 ሜትር ከፍታ ላይ ስትበር ታይታለች።

እንዲህ በየቦታው የምትገኝ ከሆነ መለየቷ ቀላል ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ብዙ ሰው እንደ ልማዱ የሚጀምረው ከቀለም ነው፤ «ቢጫ ናት፣ ቀይ ናት» ብሎ ስም ለመስጠት ይቸኩላል፤ ስህተቱም የሚመጣው ከዚሁ ነው። የምናውቀውን ሰው ከሩቅ የምንለየው በልብሱ ሳይሆን በአረማመዱ እንደሆነ ሁሉ፣ ፓንታላንም በመጀመሪያ የሚያስታውቃት አበራረሯና አስተራረፏ ነው። ቀለምና ነጠብጣብ የሚመጡት በኋላ ነው፤ ሥራቸውም ቀድመን የጠረጠርነውን ማረጋገጥ ነው። ይህን ቅደም ተከተል የምከራከርለት ለአመቺነቱ ብቻ አይደለም። የነፍሳቷ አካል የተሠራው ለአበራረሯ ስለሆነ፣ አበራረሯን ያየ ሰው የአካሏን አሠራርም አብሮ አይቷል።

ቀለም ለምን እንደሚያታልል እንመልከት። የውሃ ተርብ ከእጭነት ወጥታ ክንፏን በዘረጋችበት ቀን የገረጣች ናት፤ ክንፏ ያብለጨልጫል፤ ጭራዋ ውሃ የበዛበት ሻይ የመሰለ ቢጫ ነው። ቀናት እያለፉ ሲሄዱ ቀለሙ ይጠነክራል። በብዙ ዝርያዎች ዘንድ ወንዱና ሴቷ ለየብቻ ቀለም አላቸው፤ ወንዱ ራሱ ወጣት ሳለ ሴቷን ይመስላል። በስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ዳር ደንገልና ፊላ ላይ ተቀምጦ የሚታየው ደማቅ ቀይ የውሃ ተርብ፣ ክሮኮቴሚስ የሚባለው፣ ለአቅመ ወንድነት እስኪደርስ ድረስ ቢጫ ነው፤ ሴቷም እንደዚያው ቢጫማ ቡናማ ሆና ትኖራለች። ፓንታላም ብትሆን ከገረጣ ቢጫ ተነሥታ ወደ ወርቃማ ትሄዳለች፤ ያደጉ ወንዶች ጭራቸው ብርቱካንማ ይሆናል፤ አንዳንዱም በላዩ ላይ ቀላ ይላል። በዚህ ላይ ብርሃኑ አለ። ፀሐይ ከጀርባዋ ስትሆን ሁሉም ነገር ጠቆር ይላል፤ አመሻሹ ላይ ደግሞ ቡናማውም ወርቃማ ይሆናል። እንግዲህ «ቢጫ የውሃ ተርብ አየሁ» ያለ ሰው ቢያንስ የአምስት ወይም የስድስት ዝርያዎችን መልክ በአንድ ቃል ተናግሯል ማለት ነው።

አበራረር ግን እንዲህ በቀላሉ አይቀያየርም። የውሃ ተርብን ሕይወት በማጥናት ስመ ጥር የሆነውና በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. በኡጋንዳ የሠራው እንግሊዛዊው ፊሊፕ ኮርቤት፣ እነዚህን ነፍሳት በአኗኗራቸው ለሁለት ከፍሎ ነበር፤ ተቀማጮችና በራሪዎች ብሎ። ተቀማጮቹ ቀኑን የሚያሳልፉት ቅርንጫፍ ወይም ድንጋይ ላይ ሆነው እየጠበቁ ነው። የሚበላ ነገር ሲያልፍ ብድግ ይላሉ፤ ይይዛሉ፤ ወዲያው ተመልሰው ብዙ ጊዜ እዚያው የነበሩበት ላይ ያርፋሉ። በራሪዎቹ ግን ከአየር አይወርዱም፤ የሚያድኑትም፣ የሚበሉትም፣ ተጓዳኝ የሚፈልጉትም እየበረሩ ነው። ፓንታላ የሁለተኛው ወገን ናት፤ ያውም ከሁሉም ብሳ። ረዘም ላለ ጊዜ ቆሞ የተመለከታት ሰው የሚገርመው አለማረፏ ነው። ክንፏን ሦስት አራት ጊዜ ታርገበግባለች፤ ከዚያ ዘርግታ ትንሳፈፋለች፤ ነፋሱ ላይ ትንሽ ዘንበል ትላለች፤ ዞራ ትመለሳለች፤ እንደገና ታርገበግባለች። ስትንሳፈፍ ክንፎቿ ከጀርባዋ ከፍ ብለው ይዘረጋሉ። ብቻዋን የምትሆንበት ጊዜ ጥቂት ነው፤ በአሥርና በሃያ፣ አንዳንዴም በመቶ ሆነው አንድ ሜዳ ላይ ይሽከረከራሉ፤ ከብት ሲያልፍ ከሳሩ የሚነሡትን ጥቃቅን ነፍሳት ተከትለው ይወርዳሉ፤ ክንፍ ያወጣ ምስጥ ከመሬት ሲፈልቅ ድግሱ ላይ ቀድመው ይገኛሉ።

ይህ አበራረር ከምንም አልመጣም። የፓንታላ የኋላ ክንፍ ሥሩ ላይ፣ ከደረቷ ጋር በሚገናኝበት በኩል፣ በጣም ሰፊ ነው፤ ከፊት ክንፏ ጋር ሲተያይ ልዩነቱ ከታች ቆሞ ለሚያይም ይታያል። ሰፊ ክንፍ አየሩ ላይ ይደገፋል፤ ነፍሳቷ ጉልበቷን ሳታባክን እንድትንሳፈፍ ያስችላታል። አካሏ ወደ 4.5 ሴንቲ ሜትር ሲረዝም ክንፎቿ ከጫፍ እስከ ጫፍ 7 ወይም 8 ሴንቲ ሜትር ይደርሳሉ። ከዚህም ሌላ በራሪዎቹ የክንፍ ጡንቻቸው ሲሠራ የሚፈጠረውን ሙቀት ይጠቀሙበታል፤ ሙቀታቸውን ለመጠበቅ እንደ ተቀማጮቹ በየጊዜው ፀሐይ ላይ መቀመጥ አያስፈልጋቸውም። ደመናማ በሆነ ቀን፣ ዝናብ ሊመጣ ሲያጉረመርም፣ ሌሎቹ ጠፍተው እነዚህ ሜዳውን ሞልተው የሚታዩት ለዚህ ነው። ስለዚህ «አታርፍም» የሚለው ምልክት የባሕርይ ወሬ ብቻ አይደለም፤ ስለ ክንፍ ስፋትና ስለ ሙቀት አያያዝ የሚናገር የአካል ማስረጃ ነው።

እውነት ነው፣ እሷም ታርፋለች። ሌሊቱን የምታሳልፈው ዕፅዋት ላይ ነው፤ በብርዳም ጠዋት ፀሐይ እስክትሞቅ ትቆያለች፤ ነፋስ ሲበረታም ትጠጋለች። ያን ጊዜ ሁለተኛው ምልክት ይመጣል። ተቀማጮቹ ቅርንጫፍ ጫፍ ላይ አካላቸውን አግድም አድርገው ይቀመጣሉ፤ ፓንታላ ግን ትንጠለጠላለች። በእግሮቿ ቀጭን እንጨት ወይም የሣር ዘንግ ይዛ፣ ጭንቅላቷ ወደ ላይ፣ ጭራዋ ቀጥ ብሎ ወደ መሬት ይሆናል፤ አራቱ ክንፎቿም ግራና ቀኝ ተዘርግተው ይቀራሉ። ቀስ ብሎ፣ ጥላውን ሳይጥልባት የቀረበ ሰው አሁን ቀለሟን እንደ ልቡ ያነባል። ፊቷ ቢጫ ነው። የዓይኖቿ የላይኛው ግማሽ ቀይ ቡናማ ሲሆን ወደ ታች ሲወርድ ወደ ግራጫ ያደላል። ደረቷ ቢጫማ ሆኖ በጥቃቅን ፀጉር የተሸፈነ ነው። ጭራዋ ሥሩ ላይ ወፈር ብሎ ይጀምርና እየቀጠነ ይሄዳል፤ ጀርባው ላይ መሐል ለመሐል ጠቆር ያለ ምልክት ይወርዳል፤ ወደ መጨረሻዎቹ ክፍሎች ሲደርስም ጥቁር ነጠብጣብ ይሆናል። ክንፎቿ ንጹሕ ናቸው፤ የኋላ ክንፏ ሥር ላይ ፈዘዝ ያለ ቢጫ ጥላ ሊኖር ይችላል፤ አንዳንዷ የክንፏ ጫፍ ቡናማ ይላል። በእያንዳንዱ ክንፍ የፊት ጠርዝ ላይ፣ ወደ ጫፉ ጠጋ ብሎ፣ ብርቱካንማ የሆነች ትንሽ ሰረዝ አለች። የፊት ክንፏ ሰረዝ ከኋላ ክንፏ ሰረዝ ትረዝማለች። ይህች የሰረዝ ልዩነት ትንሽ ነገር ትመስላለች፤ በጥሩ ፎቶግራፍ ላይ ግን ጥርጣሬን የምትዘጋ ምልክት ናት።

ከእሷ ጋር የሚምታቱትን አውቆ መለየት የግድ ነው። በደጋው ኢትዮጵያ አስቸጋሪዋ ሲምፔትረም የምትባለው ናት። ሴቷና ወጣቱ ወንድ ቢጫ ናቸው፤ ቁመቷም ከፓንታላ በጥቂቱ ነው የሚያንሰው። ሆኖም ሲምፔትረም ተቀማጭ ናት፤ ሜዳው ላይ በቆመ ደረቅ ግንድ ጫፍ፣ አንዳንዴም ባዶ መሬት ላይ ታርፋለች፤ ተነሥታም እዚያው ትመለሳለች። ቀርቦ ላያት ሰው የዓይኗ የታችኛው ግማሽ ሰማያዊ ግራጫ ነው፤ ያደገው ወንድ የክንፉ ደም ሥሮች ቀይ ሆነው ይታያሉ፤ የክንፏ ሰረዝም ቢጫ ሆና ግራና ቀኟ በጥቁር መስመር የታጠረች ናት። ክሮኮቴሚስን አስቀድሜ አንሥቻለሁ፤ ጭራው ሰፊና ጠፍጣፋ መሆኑ፣ ውሃ ዳር ካለ ቄጠማ አለመራቁም ይለየዋል። ከሁሉ የምታሳስተው ትራሚያ ናት፤ እሷም በራሪ ናት፤ የኋላ ክንፏ ሰፊ ነው፤ እንዲያውም ከፓንታላ መንጋ ጋር ተቀላቅላ ስትሽከረከር ትገኛለች። እዚህ ላይ አበራረር ብቻውን አይበቃም፤ ወደ ምልክቱ መሄድ ያስፈልጋል። የትራሚያ የኋላ ክንፍ ሥሩ ላይ ጥቁር ቀይ የሆነ ሰፊ ነቁጥ አለው፤ ከታች ሲታይም ክንፉ ከአካሉ አጠገብ የጨለመ ይመስላል። የፓንታላ ክንፍ በዚያ ቦታ ብርሃን ያሳልፋል። ሰማያዊ ጭራ ያለው ግዙፉ አናክስም አያርፍም፤ ነገር ግን በቁመቱም በቀለሙም የትየለሌ ስለሚርቅ ማንንም አያሳስትም። በአሜሪካ የሚኖሩ አንባቢያን አንድ ተጨማሪ ጥንቃቄ ያስፈልጋቸዋል፤ እዚያ የፓንታላ የቅርብ እህት የሆነች፣ ፓንታላ ሃይመኒያ የምትባል ዝርያ አለች። አበራረራቸው አንድ ነው፤ የእህትየው የኋላ ክንፍ ግን ሥሩ ላይ፣ ወደ ኋላ ጠርዙ በኩል፣ ክብ ጥቁር ነጠብጣብ አለው።

ቦታውና ወቅቱም ከምልክቶቹ ይቆጠራሉ። አብዛኞቹ የውሃ ተርቦች ከተወለዱበት ወንዝ ወይም ሐይቅ ብዙ አይርቁም። ፓንታላን ግን የምናገኛት ብዙ ጊዜ ውሃ በሌለበት፣ በእግር ኳስ ሜዳ፣ በታጨደ ማሳ፣ በመንገድ ላይ፣ በከተማ አደባባይ ነው። ምክንያቱ የልጅ አስተዳደጓ ነው። እንቁላሏን የምትጥለው ዝናብ ባጠራቀመው ጊዜያዊ ውሃ ውስጥ ነው፤ ዓሣ በሌለበት፣ ሌላ አዳኝ ገና ባልሰፈረበት ኩሬ። እንዲህ ያለ ውሃ ሳይቆይ ይደርቃል፤ ስለዚህ እጩ መሽቀዳደም አለበት። በናሚቢያ ደረቅ አካባቢ የተደረጉ ጥናቶች እንዳሳዩት፣ ውሃው ከሞቀ እጩ በ40 ቀን ገደማ እድገቱን ጨርሶ ሊወጣ ይችላል፤ ለሌሎች ዝርያዎች ይህ ወራትን፣ ለአንዳንዶቹም ዓመታትን የሚወስድ ሥራ ነው። ውሃው ሲደርቅ ልጆቹ ክንፍ አውጥተው ሄደዋል፤ ሌላ ዝናብ የዘነበበትን ይፈልጋሉ። የዝናብ ደመናን ከሚያመጣው ነፋስ ጋር መጓዝ ለዚህ ኑሮ የተመቸ ነው፤ ነፋሱ ወደሚያወርዳቸው ቦታ ዝናቡም ይወርዳልና። ፓንታላን ከዝናብ ማግስት የምናያት፣ ሜዳው ሲደርቅም በድንገት የምናጣት ለዚህ ነው። የሚያብለጨልጭ ነገር ሁሉ ውሃ ስለሚመስላት በመኪና ጣሪያ ላይ ጭራዋን እየነከረች እንቁላል ለመጣል ስትሞክር ትታያለች፤ በበጋ ወራት በአሜሪካ የገበያ ማዕከላት የመኪና ማቆሚያዎች፣ እንዲሁም በባሕረ ሰላጤው አገሮች ላይ ሊያዩዋት የሚችሉ ኢትዮጵያውያን ቁጥራቸው ቀላል አይደለም። በአብዛኛው አውሮፓ ግን እምብዛም አትገኝም፤ ስለዚህ በስዊድን ወይም በጀርመን ቢጫ የውሃ ተርብ ያየ ሰው በቅድሚያ ሌላ ዝርያ መጠርጠር አለበት።

አሁን ተቃውሞዎቹን ላንሣ። የመጀመሪያው ከባለሙያዎች ወገን የሚመጣ ነው፦ ነፍሳት በእጅ ተይዛ፣ በማጉያ መነጽር ታይታ ካልሆነ በቀር ስሟን በእርግጠኝነት መናገር አይቻልም፤ ባሕርይ ደግሞ እንደ አየሩ ይለዋወጣል የሚል። ለብዙ ዝርያዎች ይህ ትክክል ነው። የወንዱን የጭራ ጫፍ መያዣ ሳያዩ የማይለዩ የውሃ ተርቦች አሉ፤ እነሱን በሩቅ አይቶ ስም መስጠት ድፍረት ነው። ፓንታላ ግን ከእነዚህ አይደለችም። በኢትዮጵያም ሆነ በሌላው አፍሪካ ከወገኗ የምትኖረው እሷ ብቻ ናት፤ ያለማረፍ፣ የሰፊ ክንፍ፣ የመንጠልጠልና የንጹሕ ክንፍ ሥር ምልክቶች ደግሞ አንድ ላይ የሚገኙት በእሷ ላይ ነው። አንዱ ምልክት ሊያሳስት ይችላል፤ አራቱ ሲደመሩ ግን የሚያሳስቱበት መንገድ ይጠብባል። ባሕርይ ይለዋወጣል የተባለውም ቢሆን ለክርክሩ ያግዛል። በብርዳም ጠዋት አርፋ ብናገኛት እንኳ ተንጠልጥላ ነው የምናገኛት፤ አየሩ ሲለወጥ ከአንዱ ምልክት ወደ ሌላው እንዛወራለን እንጂ ባዶ እጃችንን አንቀርም። ከዚያ አልፎ ያልታየውን «አልታየኝም» ብሎ መጻፍ የመለየት ጥበብ አካል ነው። ከሩቅ የታየች፣ ክንፏ ሥር ያለው ነገር ያልተለየ በራሪ «ፓንታላ ወይም ትራሚያ» ተብላ ብትመዘገብ ምንም ነውር የለበትም።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከዘመኑ ጋር የመጣ ነው፦ ስልክ ባለበት ይህ ሁሉ ድካም ለምን? ፎቶግራፍ አንሥቶ እንደ አይናቹራሊስት ላለ መተግበሪያ መስጠት ይበቃል ይላሉ። መተግበሪያው ጠቃሚ ነው፤ ሰዎች ያስገቧቸው ምስሎችም ለሳይንስ ሀብት ሆነዋል። ነገር ግን ከማታርፍ ነፍሳት ፎቶ ማንሣት ምን ያህል እንደሚያስቸግር የሞከረው ያውቀዋል፤ የሚገኘው ብዙውን ጊዜ ሰማይ ላይ ያለች ብዥ ያለች ጭረት ናት። ከእንዲህ ያለ ምስል ማሽኑ የሚያነበው ቀለምን ነው፤ ቀለም ደግሞ ከሁሉ ደካማው ምስክር መሆኑን አይተናል። ለሃያ ደቂቃ ሳታርፍ መሽከርከሯን፣ ሌሎች ሠላሳ አብረዋት እንደነበሩ፣ ከዝናብ በኋላ እንደመጡ ምስሉ አይናገርም፤ ይህን መጻፍ የሚችለው ያየው ሰው ነው። ስለዚህ መተግበሪያውን እንደ ረዳት ቆጥሮ፣ ፍርዱን ግን ራስ ሰጥቶ ከመልሱ ጋር ማመሳከር ይሻላል። የት ታርፋለች ብሎ የሚጠብቅ ተመልካችም ፎቶውን የማግኘት ዕድሉ ከፍ ያለ ነው፤ ማለዳ ቁጥቋጦ ዳር ተንጠልጥላ ሳለች ይደርስባታልና።

ሦስተኛውና ከባዱ ጥያቄ «በየቦታው ያለች ነፍሳትን ማወቅ ምን ይረባል?» የሚለው ነው። በኢትዮጵያ ብቻ የሚገኙ፣ በደጋ ጅረቶች ዳር የሚኖሩና ደን ሲመነጠር የሚጠፉ የውሃ ተርቦች እያሉ ዓይናችንን በተራዋ ላይ ለምን እናባክናለን? መልሱ ሁለት ፊት አለው። አንደኛው፣ ብርቅዬዋ የምትታወቀው ተራዋን ባወቀ ዓይን ነው፤ ፓንታላንና ሲምፔትረምን ያለ ጥርጥር የሚለይ ሰው አንድ ቀን ከሁለቱም የማትሆነዋን ሲያይ ቆም ይላል። ሁለተኛው ፊት ከዚህ ይልቃል፤ ስለዚህች ተራ ነፍሳት የተገኘው ትልቁ እውቀት የመጣው ቀን ቆጥሮ ከመጻፍ ነውና። በሕንድ ውቅያኖስ ላይ በምትገኘው በማልዲቭስ ይኖር የነበረው የባሕር ሥነ ሕይወት ባለሙያ ቻርልስ አንደርሰን፣ በየዓመቱ በጥቅምት ወር ደሴቶቹን የውሃ ተርብ መንጋ እንደሚሞላቸው ያስተውላል። ነገሩ ግራ የሚያጋባ ነበር፤ ማልዲቭስ የኮራል አሸዋ ደሴቶች ናት፤ እጭ የሚያድግበት የገጸ ምድር ንጹሕ ውሃ የላትም ማለት ይቻላል። አንደርሰን የመድረሻ ቀኖችን ከዓመት ዓመት መዘገበ፤ ከደቡብ ሕንድ፣ ከሲሼልስና ከምሥራቅ አፍሪካ የተገኙ ቀኖችንም አንድ ላይ አደረገ። ቀኖቹ በመሥመር ተሰለፉ፤ መጀመሪያ ሕንድ፣ ቀጥሎ ማልዲቭስ፣ ከዚያ ሲሼልስ፣ በመጨረሻም አፍሪካ። በ2009 እ.ኤ.አ. ያወጣው ጽሑፍ፣ እነዚህ ነፍሳት በከፍታ በሚነፍሰው ነፋስ ተሳፍረው ከሕንድ ወደ አፍሪካ እንደሚሻገሩ፣ ዘሮቻቸውም በተቃራኒው ወቅት በሚነፍሰው ነፋስ እንደሚመለሱ ሐሳብ አቀረበ። ሙሉው ዙር ከ14,000 እስከ 18,000 ኪሎ ሜትር እንደሚሆን ገምቷል፤ ይህንንም አንዲት ነፍሳት ብቻዋን አትጨርሰውም፤ አራት ትውልድ ይቀባበለዋል።

ከዚያ ወዲህ የወጡ ጥናቶች ይህን ሐሳብ ከሌላ አቅጣጫ ደግፈውታል። የውሃ ተርብ ክንፍ የሚሠራው እጩ ባደገበት ውሃ ነው፤ በዚያ ውሃ ውስጥ ያለው የሃይድሮጅን ዓይነት እንደየአገሩ ስለሚለያይ፣ ክንፉ የትውልድ ቦታውን ምልክት ይዞ ይቀራል። በ2012 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ማልዲቭስ ላይ የተያዙ ፓንታላዎችን ክንፍ መርምሮ ከሰሜናዊው የሕንድ ክፍለ አህጉርና ከዚያም ወዲያ የመጡ መሆናቸውን አሳየ። በ2016 እ.ኤ.አ. ደግሞ በአሜሪካ የራትገርስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከሰሜንና ደቡብ አሜሪካ፣ ከጃፓን፣ ከኮሪያና ከሕንድ የተሰበሰቡትን ዘረ መል ሲያነጻጽሩ፣ በውቅያኖስ ተለያይተው የሚኖሩት እነዚህ ነፍሳት እጅግ ተቀራራቢ ሆነው ተገኙ፤ እስከ ዛሬ እርስ በርስ እንደሚዋለዱ የሚያመለክት ውጤት ነው። ቤተ ሙከራ ያስፈለገው ማረጋገጫውን ለመስጠት ነበር፤ ጥያቄውን የወለደው ግን የአንድ ተመልካች የቀን መቁጠሪያ ነው። ያ ተመልካች ያያት ፓንታላ መሆኗን ባይለይ ኖሮ ቀኖቹ ሁሉ ዋጋ አይኖራቸውም ነበር። ከአፍሪካ ቀንድ እስከ ሞዛምቢክ የሚዘረጋው የዚህ ጉዞ ምዕራባዊ ዳርቻ እንዲህ ያለ የቀን መዝገብ ይፈልጋል፤ መዝገቡንም ለመጻፍ የትምህርት ማዕረግ አያስፈልግም።

አንዳንዶች ጥቅሟን ከወባ ጋር ያያይዙታል። እጮቿ ኩሬ ውስጥ የትንኝ እጭ እንደሚበሉ እውነት ነው፤ ክንፍ ያወጣችውም ትንኝን ጨምሮ ጥቃቅን ነፍሳትን በብዛት ታድናለች። ይሁንና የወባ ትንኝ በአብዛኛው ሌሊት ስትንቀሳቀስ ፓንታላ የቀን አዳኝ ናት፤ «ወባን ታጠፋለች» ማለት ከእውነቱ አልፎ መሄድ ነው። የምትከበርበት በቂ ነገር አላት፤ ያልሠራችውን ሥራ ልንጨምርላት አይገባም።

ለመጀመር የሚፈልግ ሰው ከነሐሴ መጨረሻ እስከ ጥቅምት፣ በልግ በሚዘንብበት አካባቢ ደግሞ ከዝናቡ በኋላ ባሉት ሳምንታት፣ ክፍት ሜዳ ዳር ሊቆም ይችላል። ፀሐይን ከጀርባው አድርጎ ይቁም፤ አንዲቷን መርጦ ለጥቂት ደቂቃ በዓይኑ ይከተላት። አረፈች? ካረፈች፣ አግድም ተቀመጠች ወይስ ተንጠለጠለች? ካላረፈች፣ የኋላ ክንፏ ከአካሏ አጠገብ ብርሃን ያሳልፋል ወይስ ጨልሟል? ስንት ናቸው፣ ወዴት ይሄዳሉ፣ ነፋሱ ከየት በኩል ነው፣ ካለፈው ዝናብ ስንት ቀን ሆነ? ማስታወሻው ላይ ቀኑንና ቦታውን አስቀድሞ፣ ከተቻለም የቦታውን ከፍታ ጨምሮ፣ እነዚህን መልሶች ይጻፍ፤ ያልለየውን ክፍት ይተወው። ለፎቶግራፍ በማግስቱ ማለዳ ተመልሶ ከሜዳው ዳር ያሉትን ቁጥቋጦዎችና ረዣዥም ሣሮች ወገብ በሚደርስ ከፍታ ላይ ይፈትሽ፤ ተንጠልጥላ ሲያገኛትም ከጎን አንድ፣ ክንፎቿ ተዘርግተው በሚታዩበት ከጀርባ በኩል ሌላ ምስል ያንሣ፤ የክንፍ ሥሩና ሁለቱ ሰረዞች በግልጽ መታየት አለባቸው።